የዘውገ ነጥቦች

እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ስንዱ ዘውገ ስልኳን ከውሃ ጣሳው ጋር አስደግፋ ወደ አባቷ ትደውላለች። እሷ አፋር በረሃ ውስጥ ባለ የእንፋሎት ኃይል ጣቢያ ከባሏ ከደረሰ ጋር ትኖራለች። አባቷ ያለው ሐይቅ ከተማ፣ እሷ ተወልዳ ባደገችበት ቤት ነው። ሁለቱም መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ጤና አይደለም።

«ነጥብ አለሽ?» ይላል አባቷ።

«አለኝ አባዬ። አንተስ?»

«ከባለፈው ይሻላል። መንገዱ እንዴት ነው?»

ዘውገ ዕድሜውን ሙሉ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በከባድ መኪና ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። መኪኖቹ ሹፌር አንፈልግም ብለው ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ እሱ ቤት ገባ፤ አንደበቱ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን መንገዱ እንዴት ነው ይላቸዋል። ሐኪሙንም እንደዚያው።

በዚያ ዘመን አየሩ ለሰው ጠቦ ነበር። ማሽኖቹ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ከመብዛቱ የተነሣ ለሰው ድምፅ የቀረው ፍርፋሪ ነው። ሰው ሲናገር፣ መስመሩ ክፍት ሆኖ በተገኘበት ቅጽበት ብቻ ከንግግሩ ላይ ቁራሽ ቁራሽ እየተነሣ ይላካል። አንዳንዴ ሦስት አራቱ ተከታትለው ይደርሳሉ፤ ከዚያ ደግሞ ረጅም ባዶ ይመጣል። ባዶውን የተቀባዩ ስልክ ይሞላዋል። የተናጋሪውን ድምፅ፣ አተነፋፈሱን፣ የሚወዳትን ቃል ለዓመታት አጥንቶታልና ከቁራሽ እስከ ቁራሽ ያለውን ራሱ ይዘረጋዋል። በእውነት ከሰውየው አፍ የወጣው ሲደርስ ስልኩ ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ነጥብ የሌለበት ሁሉ ሙሌት ነው።

መጀመሪያ ላይ ሰው ተቆጥቶ ነበር። አንዲት ሴትዮ ሬዲዮ ላይ ቀርባ «ባሌ ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስልኩ ግን ይቅርታ ይጠይቀኛል» ብላ አገር አሳቀች። ከዚያ ተለመደ። ነጥቦቹን የሚያያቸውም ጠፋ። የሚወዱትን ሰው ሲያናግሩ የስልክ ጥግ ላይ ማፍጠጥ ነውር ይመስል ነበር፤ ሲበሉ የሰው ትሪ እንደማየት።

ስንዱ ግን ሥራዋም ነጥብ ማየት ነው። ጣቢያው እንፋሎት የሚያወጣባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ የግፊት መለኪያዎች ወርደዋል። መለኪያዎቹ ከሙቀቱ ጋር እየታገሉ፣ ሲችሉ ይናገራሉ፣ ሳይችሉ ዝም ይላሉ። በተበታተኑት ነጥቦች መካከል ማሽኑ መስመር ይስላል፤ ስንዱ መስመሩን እያየች የትኛው ጉድጓድ እንደደከመ፣ የትኛው ሊቆጣ እንደሆነ ታስታውቃለች። ለአዲስ ገቢ ሠራተኛ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ይነገረዋል፦ እኩል እኩል የሚመጣን ነጥብ እንዳታምን። በተዘበራረቁ ነጥቦች መካከል አልፎ ሁሉንም የሚነካው እውነተኛው መስመር ብቻ ነው። እኩል እኩል በተደረደሩት መካከል ግን የፈለግከው መስመር ያልፋል፤ ዝግተኛውም፣ ፈጣኑም፣ የዚህ ጉድጓድም፣ የሌላው ጉድጓድም። ደግሞ ከዚያ ሲዖል ውስጥ ሆኖ በሰዓቱ የሚናገር መለኪያ የለም። በሰዓቱ ከተናገረ መለኪያው ሞቷል፤ የሚናገረው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው ሣጥን ነው።

ያን ሰሞን ስንዱ ከሥራ አርፋ ነበር። ሆዷ ገፍቷል። ከዚህ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶባት ስለነበር የጣቢያው ሐኪም መኪና ውስጥ እንዳትገባ፣ ደረጃ እንዳትወጣ፣ እንዳትደነግጥ ብሎ ከልክሏታል። ጥምቀትን አገር ቤት ልታሳልፍ ያሰበችው በዚሁ ቀረ፤ ፋሲካም ቀረ። አባቷ ስትወልድ እመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። ለልጅቷም ስም አውጥቶላታል። አንድ እሁድ በወሬ መሃል፣ ሳትጠይቀው፣ «አስካለ በያት» አላት። ስንዱ ስሙን ወደደችው። ልብስ ስታጥብ፣ ስትተኛ፣ ሆዷን እየዳበሰች አስካለ ትላለች።

ከፋሲካ በኋላ በአንደኛው እሁድ ወገቧን አሟት በጎኗ ተኝታ ነበር የምታናግረው። ስልኩ ከዓይኗ ፊት ለፊት ስለሆነ ጥጉን ላለማየት አልቻለችም። ባሏ ደረሰ ከመጋረጃው ወዲያ ሳህን ያጥባል። አባቷ ስለ አንድ ድሮ ስለሚያውቀው የጅቡቲ ጉምሩክ ሠራተኛ እያወራ ያስቃታል። ነጥቧ በራች። ጠፋች። በራች። ጠፋች። ስንዱ ሳቋን አቋርጣ ዓይኗን ጥጉ ላይ ተከለች።

አባቷ ሳቀ። ሳቁ ላይ ነጥብ የለም። ትንሽ ቆይቶ አንድ በራ። ያንኑ ያህል ቆይቶ ሌላ። ሰው ሲሳሳቅ፣ ሲቆጣ፣ ውሃ ሲጎነጭ ነጥቡ ይረበሻል። ይህ ግን አይረበሽም። ከአሥር ዓመት በላይ ጉድጓድ ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ እኩል እኩል የሚመጣ ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

«አባዬ» አለች፣ «እስቲ ትንሽ ዝም በልልኝ።»

«ምነው?»

«ልጅቷ እየተራገጠች ነው። ላዳምጣት።»

«አዳምጫት፣ አዳምጫት» አለና ዝም አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የሚሰማው ከመጋረጃው ወዲያ የሚወርደው ውሃ ብቻ ነው። ነጥቧ በራች። ጠፋች። በራች። አባቷ ዝም ብሏል፤ ከወዲያ በኩል ግን አንድ ሰው ዝም አላለም። ስንዱ አፏን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ይርዳው» አለች ቀስ ብላ። ይርዳው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከአባቱ ጋር የሚኖር።

ነጥቧ ቀጥ አለች።

ስንዱ ጠበቀች። ነጥብ ሳይመለስ፣ አንድም ሳይመለስ፣ የአባቷ ድምፅ በራሱ ጊዜ ቀጠለ። «ይርዳውማ ወፍጮ ቤት ሄዷል። አንቺ ብቻ ሚሌን ስታልፊ መስኮቱን ዝጊ፤ ነፋስ አለ። ቀስ ብለሽ ነይ። ማንም አያስቸኩልሽ። መብራት እያየሽ ነይ፤ እኔ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም፣ እዚሁ…»

ከዚያ ድምፁ ተቆረጠና ለስለስ ያለች የሴት ድምፅ መጣች። ነጥብ ባለመኖሩ መስመሩ መቋረጡን ተናግራ፣ ስለ ትዕግሥታቸው አመሰገነች።

የሳህን ድምፅ ከቆመ ቆይቷል። ደረሰ እጁ በሳሙና እንደተለወሰ መጋረጃው አጠገብ ቆሟል። ስንዱ ፊቱን አየች፤ ሁሉም ፊቱ ላይ ነበር።

«መቼ ነው?» አለችው።

«ስንድዬ፣ መጀመሪያ ቀና በይና…»

«መቼ ነው ደረሰ?»

«ለጥምቀት ዋዜማ። በእንቅልፉ ነው። አልተሠቃየም፣ አልታመመም።» ተንበርክኮ እግሯን ያዘ። «ሐኪሙ ከልክሎ ነው። አክስትሽም ትውለድና በወጉ ትረዳ አሉ። ለነፍሰ ጡር መርዶ ይነገራል እንዴ? አንቺ ብትሆኚ ትናገሪ ነበር?»

አትናገርም ነበር፤ ራሷንም ጭምር የገረማት ይህ ነው። ለጎረቤታቸው ልጅ የእናቱን ሞት ፈተናውን እስኪጨርስ ከደበቁት ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች። እየሳቀች ምሳ አቅርባለታለች። ሰው የሚወደውን እንዲህ ነው የሚጠብቀው ብላ ታምን ነበር፤ አሁንም የተለየ ነገር አላመነችም። ብቻ ሌላ ሒሳብ ይዟት ነበር። ከጥምቀት ወዲህ ስንት ነገር ነግራዋለች። ከደረሰ ጋር ተጣልታ እያለቀሰች የነገረችው እሁድ ነበር። «ባልሽ ክፉ አይደለም፣ ደክሞት ነው» አላት። በዚያ ቃል ነው የታረቁት። አስካለ የሚለውም ስም የመጣው ከጥምቀት በኋላ ነው።

በማግሥቱ ይርዳው ራሱ ደወለ። ድምፁ ከመሃል እየተቆራረጠ፣ ባዶው በስልኳ ሙሌት እየተሞላ ይመጣል።

«እታለም፣ ይቅር በይኝ።»

«ምን ነበር የምትለው?» አለችው። «እሁድ እሁድ ስልኩን ይዘህ ምን ትል ነበር?»

«ምንም። በእግዜር፣ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። “እህ” ብቻ ነው የምለው፤ እሱ ጉሮሮውን እንደሚጠርገው። አንድ ስልክ ጠጋኝ ነው ያሳየኝ። የሥጋ ዘመድ ድምፅ ይቀራረባል፤ ደግሞ እኩል እኩል አድርገህ ከሰጠኸው የማን እንደሆነ አይለይም፣ ስልኩ የሚያውቀውን ሰው አድርጎ ይሞላዋል አለኝ። ግድግዳ ሰዓቱን እያየሁ “እህ” እላለሁ።»

«የልጅቷን ስምስ ማን አወጣው?»

ከወዲያ በኩል ረጅም ባዶ ሆነ።

«ስም ወጥቶላት ነበር እንዴ?» አለ ይርዳው።

ስንዱ ሆዷን በመዳፏ ሸፈነች።

«እኔ የሚሰማኝ ያንቺ ብቻ ነው እኮ እታለም። እሱ የሚለው የሚሰማው አንቺ ጋ ነው። ስትስቂ እሰማለሁ፤ ምን ብሎ እንዳሳቀሽ አላውቅም። አንዳንዴ ስልኩን ከዘጋን በኋላ ደውዬ ምን አለሽ ልልሽ ያምረኝ ነበር። እኔንም ናፍቆኛል።»

ያን ቀን ስንዱ ለማልቀስ ሞከረች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ደረሰም አጠገቧ። እንባ አልመጣም። ትናንት ያነጋገረችውን ሰው፣ ሚሌ ላይ መስኮት ዝጊ ያላትን ሰው ምን ብላ ታልቅስለት። ሞቷል ስትል ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ አለ፤ አለ ስትል አፈር ለብሶ ወራት አልፎታል። ሁለቱም መስመር በተመሳሳይ ነጥቦች ላይ ያልፋል። ልጅቷ መራገጥ አቆመች። ሐኪሙ መጥቶ አዳመጠና ልጅቷ ደህና ናት፣ እናትየዋ ግን ደህና አይደለችም አለ። እንቅልፍ እምቢ አላት። ምግብም እምቢ አላት። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ደረሰን ለብቻው ጠርቶ፣ ልቅሶው እንዲህ ውስጧ ተቆልፎ ከቀጠለ ለሁለቱም ነፍስ እንደሚፈራ ነገረው።

መላውን ያመጡት አክስቷ የሺመቤት ናቸው። ሐይቅ ላይ ለቅሶ ሲሆን ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ» አሏት በስልክ፣ «አንቺ እኮ አልተረዳሽም። አወቅሽ እንጂ አልተረዳሽም። መርዶ በወጉ ካልተነገረ እንባ ከየት ይመጣል? እዚያ ያሉ ትልልቅ ሰዎች በማለዳ መጥተው ይንገሩሽ። እኛም እዚህ ቤት ተሰብስበን ለቅሶውን እንደገና እናነሣዋለን፤ በስልክ ትሰሚናለሽ። አብረን እናለቅሰዋለን። ያኔ ይወጣልሻል፣ ያኔ ትቀብሪዋለሽ።»

ስንዱ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለላት። የአክስቷን ድምፅ፣ የወንድሟን ድምፅ፣ የአጎቶቿን ልጆች ለቅሶ ልትሰማ ነው። ሰው ሲያለቅስ መስማት ነበር የጎደላት። ከዚያ በኋላ አባቷ እንደማንኛውም ሟች ይሞታል፤ እሷም እንደማንኛውም ልጅ ታለቅሳለች። የፈለገችው ይኸው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ለቅሶ ረጅም ነው፤ የወጣት ሰው መስመር ደግሞ ጠባብ ነው፣ በመሃል ይዘጋል። ሰፊ መስመር የሚሰጠው ለጡረተኛ ነበር። «የአባዬ ስልክ ገና አልተዘጋም፤ መስመሩም ከሰፈሩ ሁሉ ሰፊው ነው፤ በሱ ይሁን» አለ ይርዳው። ሁሉም ደግ አሰብክ አሉት። የሟች ዕቃ ለቅሶ ቤት ፊት ለፊት መቀመጡም ወግ ነው፤ ጋቢው ተዘርግቷል፣ የመኪና ቁልፎቹ ተደርድረዋል፣ ፎቶው ቆሟል። ስልኩን ከፎቶው ሥር፣ ጋቢው ላይ አኖሩት። ከዚያ ያለፈ ነገር ማንም አላሰበም።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ፣ የስንዱ በር ተንኳኳ። በጣቢያው በዕድሜ የገፉት ሦስት ሰዎች ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ገቡ። ደረሰ ጀርባዋን ደግፎ ያዛት። ከሰዎቹ አንደኛው፣ ጸጉራቸው የሸበተ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዓይኗን ሳያዩ ተናገሩ።

«ስንዱ ልጄ፣ አባትሽ አርፈዋል። እግዚአብሔር ያጥናሽ።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን ቃል አንድም ሰው አልነገራትም ነበር። ሴቶቹ ለቅሶውን አነሡት። የስንዱ ዓይን ሞላ፣ «አባዬ» አለች፤ የመጀመሪያው እንባ ወረደ። ደረሰ ተመስገን አለ በሆዱ። ከዚያ ስልኩን ከፈተና ከፊቷ አቆመው፣ የወዲያኞቹን ለቅሶ እንድትሰማ።

ሐይቅ ላይ በዚያች ሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የሺመቤት ደረታቸውን ይመታሉ። ይርዳው ኮቱን ገልብጦ ለብሶ በአባቱ ፎቶ ፊት ይንጎራደዳል። የአጎት ልጆች፣ የእህት ልጆች፣ ከየገጠሩ የመጡ ዘመዶች፣ ሁሉም በአንድ ላይ የዘውገን ስም እየጠሩ ያለቅሳሉ። ይህን ሁሉ ስንዱ በኋላ ነው የሰማችው። በስልኩ የመጣው ሌላ ነው።

መጀመሪያ የመጡት ነጥቦች ናቸው። ጥጉ ላይ እንደዚያ ሲበራ አይታ አታውቅም። ሁለቱ ተከታትለው፣ አምስቱ በአንዴ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ዝናብ። አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ ከየአፉ፣ ከየትንፋሹ፣ ሲቃው ባመጣው ሰዓት። የሕያው ጉድጓድ ነጥብ እንዲህ ነው። የስንዱ ስልክ ከአባቷ ስልክ የሚመጣን ድምፅ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ለዓመታት አጥንቶታል። የሥጋ ዘመዶቹን ለቅሶ ሁሉ አንድ በአንድ እየለቀመ በሁሉም ላይ የሚያልፈውን አንድ መስመር ሳለ።

«ስንዱ።»

ሴቶቹ እያለቀሱ ስለነበር ከእሷ በቀር የሰማ የለም። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ እሁድ እሁድ እንደምትሰማው በመሃል የሚሳሳ አይደለም። ልጅ ሆና መኪናው ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ የምትሰማው ዓይነት፣ አጠገቧ ያለ ድምፅ ነው። እያንዳንዱ ቃል ላይ ነጥብ አለ።

«ስንድዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አለች።

«ምንድን ነው ይህ ሁሉ ለቅሶ? ቤቱ ሰው ሞልቷል። የሺመቤት ደረቷን እየመታች ነው። ይርዳውን ጠራሁት፣ አይሰማኝም። ሁሉም ያለቅሳል፣ የሚነግረኝ ግን የለም።» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። አባቷ ሲፈራ ሰምታ አታውቅም ነበር። «ማነው የሞተው? በሞቴ እንዳትደብቂኝ።»

ስንዱ ቀና ብላ ደረሰን አየችው። እሱ እንባዋን እያየ ደስ ብሎታል፤ ምንም አልሰማም። ስልኩን በአንድ ጣት መዝጋት ትችል ነበር። ወይም እውነቱን መናገር፤ ሽማግሌዎቹ ዓይኗን ሳያዩ እንደነገሯት፣ እሷም ነጥቦቹን ሳታይ። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ከንፈሯ ድረስ መጣ። በማለዳ፣ በድንገት፣ ለብቻው ላለ ሽማግሌ፣ አጠገቡ ትከሻውን የሚይዝ ሰው በሌለበት፣ በስልክ። እንዲህ ያለ ነገር እንዲህ ይነገራል እንዴ።

እጇን አንሥታ ሴቶቹን ዝም አሰኘቻቸው። ግራ ገብቷቸው አንድ በአንድ ድምፃቸውን ዋጡ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ስንዱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ጉሮሮዋን አጸዳች።

«ማንም አልሞተም አባዬ» አለች። «የኛ ሰው ሁሉ ደህና ነው። የጎረቤት ለቅሶ ነው፣ ቤታቸው ጠቧቸው እኛ ቤት ተቀምጠው ነው።»

«የትኛው ጎረቤት?»

«አታውቀውም። አዲስ ገቢ ነው።»

ዘውገ በረጅሙ ተነፈሰ። ነጥቦቹ ትንፋሹን ሁሉ ይዘው ደረሱ።

«ምስኪን» አለ። «አስደነገጡኝ እኮ። ልብሴን ልቀይርና ወጥቼ አብሬያቸው ልቀመጥ። አዲስ ናቸውና ያለማምዳቸዋል።»

«እሺ አባዬ» አለች ስንዱ።